ቧንቧው ሲተነፍስ፦ የአስፈሪ ፊልሜን መክፈቻ እንዴት እንደሠራሁት

አጭር አስፈሪ ፊልሜ ከታየ በኋላ ያገኙኝ ጀማሪ ሠሪዎች ሁሉ ስለ ካሜራው ዓይነትና ስለ መብራቱ ጠይቀውኛል፤ ስለ መክፈቻው ትዕይንት ድምፅ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። እኔን አበሳዬን ያሳየኝ እሱ ስለነበር፣ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ብቻዋን የምትኖረው ሴት፣ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው እንደሚያደርገው፣ ውኃው ሲመጣ በድምፁ እንድትነቃ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅና ተኝታለች። እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው አየር መትፋት ይጀምራል። ትነሳለች፣ ባልዲውን ትሞላለች፣ ጄሪካኖቹን ትሞላለች፣ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። አየር የመትፋቱ ድምፅ ግን አይቆምም። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ የሚታይ አውሬም የለም።

በወሰድኩት ሥልጠና ላይ የተነገረን የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ አስፈሪ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰው ካልገደለ ተመልካቹ ይሰለቻል ተባልን። እኔ አልተቀበልኩትም፤ አሁንም አልቀበለውም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ሲጀምር ማንም አይሞትም፤ የሚታየው በአሜሪካ የግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች መካከል የምትጓዝ አንዲት ትንሽ መኪና ብቻ ናት። ነገር ግን ከሄሊኮፕተር የተቀረጸው ምስል መኪናዋን ከላይ ይከተላታል፤ ዌንዲ ካርሎስና ሬቸል ኤልካይንድ ያዘጋጁት ሙዚቃ ደግሞ ከጥንታዊ የላቲን የሙታን ዝማሬ የተወሰደ ዜማ ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ መኪናዋን የሚነዳው ሰው እየሄደ ያለው ወደ መጥፎ ቦታ መሆኑን ይረዳል።

ሰው የሚሞትባቸው መክፈቻዎችም ቢሆኑ ጉልበታቸው ከሞቱ አይደለም። በ1975 በወጣው «ጆውስ» ውስጥ በሌሊት የምትዋኘው ልጅ ወዲያና ወዲህ ስትጎተት እናያለን እንጂ የሚጎትታትን ሻርክ አናየውም፤ እሷ ከሰመጠች በኋላ ባሕሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ በፊልሙ ውስጥ የተኛ ውኃ ባየን ቁጥር እንጨነቃለን። በ1978ቱ «ሃሎዊን» ካሜራው የገዳዩ ዓይን ይሆንና እኛም አብረነው ደረጃውን እንወጣለን፣ ጭምብሉን እናጠልቃለን፤ ጭምብሉ ሲገለጥ ግን የስድስት ዓመት ሕፃን ሆኖ እናገኘዋለን። በ1996 የወጣው «ስክሪም» ደግሞ በፖስተሩ ላይ የነበረችውን ዝነኛ ተዋናይ ድሩ ባሪሞርን ዋናው ታሪክ ሳይጀመር ይገድላታል፤ እሷ ከሞተች ማን ይተርፋል? ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ ተመልካቹ ለቀሪው ጊዜ ምንን መፍራት እንዳለበት ያስተምሩታል፣ የሚተማመንበትን ነገርም ይነጥቁታል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የዳርዮ አርጀንቶ «ሱስፒሪያ» (1977) ነው። ወጣቷ ከአውሮፕላን ማረፊያ ልትወጣ ስትል በራሱ የሚከፈተው የመስታወት በር በተከፈተ ቁጥር ሙዚቃው ይሰማል፣ በሩ ሲዘጋ ይቋረጣል። ሙዚቃው ውጭ ሆኖ የሚጠብቃት ፍጡር ይመስላል። እኔም በሩን በቧንቧ ተካሁት።

ጽሑፉ በቶሎ አለቀ፤ ተዋናይቷ ጎበዝ ነበረች፤ ካሜራው የጓደኛዬ ነው። የቀረጻ ፈቃዱ ነገር ትንሽ አንገላታኝ፤ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ «ሰይጣን አለበት ወይ?» ብለው ደብዳቤዬን ይዘውት ከረሙ፣ በመጨረሻ «አይ አባቴ፣ ስለ ውኃ መጥፋት ነው» አልኳቸውና ወዲያው ፈረሙልኝ። ውሸት አልነበረም።

የቧንቧውን ድምፅ ግን ከተዘጋጀ የድምፅ ስብስብ ላለመውሰድ ወስኜ ነበርና፣ በቤቴ ወጥ ቤት የድምፅ መቅጃውን ደቅኜ የሰፈራችንን ውኃ ተራ ጠበቅሁ። የመጣልኝ ድምፅ በምናቤ ከነበረው ሁሉ በለጠ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ነገር፣ ከዚያ ዝገት የቀላቀለው ውኃ የባልዲውን ቂጥ በቁርጥራጭ ሲመታ፤ ባልዲው እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይወጣል። ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያንጠለጥለው ያ መቅጠን ነው፤ ቫዮሊን አያስፈልገውም።

ከድምፁ ሥር ሌላም ነበር፦ የፍሪጁ ጉርምርምታ። በትዕይንቱ ሙሉ ከታች እንዲሰማ አደረግሁና ሴትየዋ ቧንቧውን በዘጋችበት ቅጽበት ቆረጥኩት። ፍሪጅ ድንገት ዝም ሲል መብራት እንደሄደ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ጨለማውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። አዳራሽ ውስጥ ዝምታ የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ሲሰማ የቆየ ድምፅ ሲነሳ እንጂ ከመጀመሪያው ምንም በሌለበት አይደለም።

ይህንን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሬ ለድምፅ ቅንብር ለአንድ ስቱዲዮ ሰጠሁ። ባለሙያው ልምድ ያለው ሰው ነው ተብሎ የተጠቆመልኝ ነበር። ሥራውን ልሰማ ስሄድ የፍሪጁ ጉርምርምታ የለም፤ «ቆሻሻ ነበረበት፣ አጸዳሁልህ» አለኝ። የሚያጸዳው ፕሮግራም ደግሞ «እሽሽ» የሚል ድምፅን ሁሉ የሚጠርግ ነውና፣ የቧንቧው ትንፋሽ ራሱ «እሽሽ» የሚል ስለሆነ አብሮ ተጠርጓል። የቀረችው ድምፅ በሌለበት ባዶ ውስጥ የምትራመድ ሴት ናት። ያንን ባዶ ደግሞ በከበሮና በመዘምራን ጩኸት ሞልቶታል፤ ባልዲው ሲነሳ «ድው!» የሚል ምት አለ፣ ቧንቧው ሲዘጋ ሌላ «ድው!»። የማያስፈራውን ቦታ እንድንፈራ ሁለት ጊዜ ታዘዝን ማለት ነው።

ወረቀቴን አውጥቼ ባሳየው «ይህን እንዲሁ ከተውነው ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል» አለኝ። ገንዘቡን ያወጡልን ሰውም እሱን ደገፉ፤ የተከፈለበት ሙዚቃ እንዲሰማ ይፈልጉ ነበር። ወደነበረበት መልሱልኝ ስል ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅሁ፤ እሺ ብዬ ስስማማ ደግሞ ያጸዱትን በቀድሞው ፋይል ላይ ደርበው አስቀምጠው ኖሮ የቀድሞው ጨርሶ አልተገኘም። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያተረፈኝ ጥሬውን ቅጂ ቤቴ ማስቀመጤ ነው፤ ከኤዲተሩ ጋር ሆነን በላፕቶፕና በጆሮ ማዳመጫ እንደገና ሠራነው፣ ያለ አንድ ከበሮ። በዚያ መክፈቻ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ስቱዲዮዎች ከሚሉት ይለያል። የመክፈቻውን ድምፅ ምስሉን ከመቅረጻችሁ በፊት ሰብስቡ፤ «ጽዳት» የሚለውን አገልግሎት ለንግግር ብቻ ፍቀዱ፤ ሙዚቃ የሚያስፈልግ ከመሰላችሁ ትዕይንቱን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ለማያውቃችሁ ሰው አሳዩትና ፊቱን ተመልከቱ። የስፖንሰር ምስጋና ከነዘፈኑ ከፊት እንዲገባ ሲጠየቅ ደግሞ በፍጹም እሺ አትበሉ። በሰርግ ሙዚቃ የታጀበ የድርጅት አርማ አይቶ የጨረሰ ተመልካች የቧንቧ ትንፋሽ አይሰማም። እኔ ምስጋናውን ወደ መጨረሻ ለመግፋት ከባለገንዘቡ ጋር ተኳርፌያለሁ፤ ዋጋ ያለው ኩርፊያ ነው።

አዳራሹም የራሱ ጣጣ አለው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» ሲወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስገድዶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የስልክ መብራት እያበራ ወንበር የሚፈልገው ሰው ገና በመጀመሪያው ትዕይንት መካከል ነው። ይህን አስቤ ፊልሙን በጥቁር ማያና በቧንቧው ፉጨት ብቻ ጀመርኩት፤ የገባው እስኪቀመጥ፣ የተቀመጠው ጆሮውን እስኪያቀና። ውጤቱን ልነግራችሁ፤ በመጀመሪያው ዕይታ የአዳራሹ ቴክኒሺያን ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ፊልሙን አቆመና መብራቱን ቦግ አደረገው። አስቀድሜ በቃል ነግሬው ነበር።

በሚቀጥለው ዕይታ ጥቁሩ ማያ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ በወረቀት ጽፌ ማጫወቻው ላይ ለጠፍኩ፤ እኔም ምስሉ እስኪመጣ ከአጠገቡ ቆምኩ። ለአሁኑ ፊልሜ በማዘጋጀው ውል ውስጥም የድምፁ ፋይል ሁሉ፣ ያልተነካው ጭምር፣ ለእኔ እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ስቱዲዮ አንፈርምም ብሏል። ሌላው ፈርሟል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል።