የዘይት ጠብታን በብርሃን መንዳት፦ ሳሙናውን ተዉት

ደሴ ላይ ይህን ሙከራ ለመሥራት ላሰበ ሰው አስቀድሜ ልንገር፦ ፈተናው ሌዘሩ ሳይሆን የውሃው ገጽ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የመስታወት ሳህን 4 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ሞላሁ፣ ቀይ የምግብ ቀለም በጠበጥኩበት፣ ከፋርማሲ የተገዛ ፈሳሽ ፓራፊን አንድ ጠብታ አሳረፍኩ፣ ከጠብታው ጎን የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር አበራሁ። ቀይ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣልና ውሃው እዚያ ላይ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ የገጽ ውጥረቱ (ገጹን እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው ኃይል) ይላላል፤ ቀዝቃዛው ወገን ጠብታውን ይጎትተዋል። ስለዚህ ጠብታው ከብርሃን ይሸሻል፣ የሚነዳውም ከኋላው ነው። ቀይ ሌዘር ብቻ ካላችሁ ሰማያዊ ቀለም በጥብጡ። ከሳህኑ ሥር ነጭ ወረቀት አድርጉ፤ የሌዘሩ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ከታየ ቀለሙ ቀጥኗል።

አሁን ወደሚያናድደው። ብዙ የቤተ ሙከራ መመሪያ «ዕቃውን በሳሙና እጠቡ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም። በ20 ዲግሪ የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 73 ሚሊኒውተን ግድም ነው፤ በአንድ ዲግሪ ሙቀት የሚቀንሰው 0.15 ሚሊኒውተን ብቻ። ሌዘሩ በአምስት ዲግሪ ቢያሞቀው እንኳ ለውጡ ከአንድ በመቶ ብዙም አያልፍም። ሳህኑ ላይ የቀረች የሳሙና ርዝራዥ ይህን ኃይል ሙሉ በሙሉ ታጠፋዋለች፤ ጠብታው ተገትሮ ይቀራል፣ እናንተም ሌዘሩን ትወቅሳላችሁ።

እኔ ሳሙና አልነካም። በፈላ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ በአልኮል መጥረግ፣ እንደገና ማለቅለቅ። ለመሙያ የመርፌ ውሃ (የመርፌ መድኃኒት የሚበጠበጥበት ንጹሕ ውሃ) ይሻላል፤ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከሆነ ሦስት አራቱ ይበቃል። ፓራፊኑን በፕላስቲክ ሲሪንጅ አትጨምሩ፦ የሲሪንጁ ውስጥ ሲሊኮን ዘይት ተቀብቷል፣ ውሃው ላይም ይዘረጋል። በእሳት የተለበለበ የመርፌ ጫፍ ነክሮ መንካት ይበቃል፤ ጠብታው ከ2 ሚሊሜትር አይብለጥ። የኑግም የሱፍም ዘይት አይሆኑም፣ ፋቲ አሲዳቸው ገጹን ይሸፍነዋል። የእስክርቢቶ ቀለምም እንዲሁ፤ እንደ ሳሙና የገጽ ውጥረትን የሚያላላ ማርጠቢያ ኬሚካል አለበት።

ገጹ መጥራቱን ለማወቅ ጥቂት ታልክ ነስንሱና በቀስታ እፍ በሉ። ዱቄቱ ተገፍቶ ከተመለሰ ሽፋን አለ። ያኔ በንጹሕ የወረቀት ቁራጭ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ጥረጉት። ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ ኩሽናዋ ውስጥ ገጹን በቆርቆሮ እየጠረገች የሠራችው ጥናት በ1891 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ዘዴው ዛሬም ያው ነው።

የደሴ ንፋስ ጠብታውን ከሌዘሩ ይልቅ ይነዳዋል፤ መስኮት ዝጉ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ጥልቀቱን እየለካችሁ ሙሉ።

ሌዘሩ ላይ «5 ሚሊዋት» ቢጻፍም አትመኑ። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ከተጻፈው በላይ ያወጣሉ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድም ያፈስሳሉ። ለሌዘሩ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መከላከያ መነጽር ከሌለ በስልክ ካሜራ ቅረጹ እንጂ ነጥቡን በዓይን አትከታተሉ።