የመዳብ ጌጥ ጥገና ልምምዴ፦ ስድስተኛው ወር

ካለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ የሠራሁት በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ከአንድ አሮጌ ፍርድ ቤት የጣሪያ ጠርዝ የወረደ፣ ከስስ የመዳብ ላሜራ ከጀርባው እየተቀጠቀጠ የወጣ ጌጥ ሲሆን፣ ምትኩን አስመስዬ እንድሠራ ተሰጠኝ።

መጀመሪያ አረንጓዴውን ሽፋን ልፍቀው ስል አስተማሪዬ ከለከሉኝ፤ ሽፋኑ ለዘመናት ከአየርና ከዝናብ ጋር ተዋህዶ የተፈጠረ የመዳቡ መከላከያ ነውና። ቅጠሉን ስገለብጠው ግን የጉዳቱ ምንጭ ታየኝ፦ ደግፎ የያዘው ብረት ዝጎ በማበጡ ሪቬቶቹን (ላሜራውን ከብረቱ ጋር ያያዙትን ችንካሮች) ነቅሎ ላሜራውን ቀዶታል። መዳብና ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ የሚበላው ብረቱ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልትም የደረሰበት ይኸው ነበር፤ 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የመዳብ ልብሱን ከውስጥ ብረቱ የለየው የአስቤስቶስ ንጣፍ አርጅቶ ስላለቀ፣ ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው ጥገና ብረቶቹ በማይዝግ ብረት ተተክተው በመካከሉ ቴፍሎን የተባለ ፕላስቲክ ገባ። እኔም ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ቁራጭ የምመረምረው ከጀርባው ጀምሬ ነው።

አዲሱን ቅጠል ላሜራውን በቅጥራን ላይ አስተኝቼ መቀጥቀጥ ጀመርሁ። መዳብ በተመታ ቁጥር ስለሚጠነክር፣ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግሎ ውኃ ውስጥ በመንከር እንደገና ማለስለስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቅጠሌ ይህን በማዘግየቴ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛውን አምስት ጊዜ አለሰለስሁት። ፀሐይ ላይ ስሠራ ቅላቱ ስለማይታየኝና ከልክ በላይ ስለማግለው፣ ማሞቂያውን ወደ ጥላ ማዛወሬ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ ለጀማሪ ጓደኞቼ አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርጌአቸዋለሁ፤ አንድ ሜትር መዳብ በ50 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ወደ 0.8 ሚሊሜትር ስለሚረዝም፣ ጥብቅ ቀዳዳ ላሜራውን ያጣምመዋል።

አዲሱ ቅጠል ከአረንጓዴዎቹ መካከል ገና ቀይ ሆኖ ይታያል። በኬሚካል ላቀልመው ብችልም ዝናቡ ቀስ በቀስ እንዲያቀልመው ተውሁት፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ አዲሱን ከጥንቱ እንዲለየው ደግሞ በጀርባው የተሠራበትን ዓመት ቀረጽሁበት።