የፊት አክስሉ ከመፈታቱ በፊት ጣቴን ማየት

የድሮ ላንድክሩዘር የፊት አክስል ከመፈታቱ በፊት ጣቴን ከናክሉ (መሪው ሲዞር ከጎማው ጋር ከሚታጠፈው ቤት) ጀርባ፣ የአክስሉ ጫፍ ኳስ ከላስቲኩ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ አሳልፋለሁ። ጣቴ ላይ የቀረው ጥቁር፣ ወፍራምና የሚለጠጥ ግሪስ ከሆነ መኪናው ደህና ነው። እንደ ሾርባ ቀጥኖ ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርሳ ጥርስ) ዘይት ወደ ናክሉ አልፏል ማለት ነው። ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቷል።

ይህን የምጽፈው በተለይ 75 ስለሚባለው የላንድክሩዘር ሞዴል ነው፤ ሀርድቶፑም ፒክአፑም፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ (በተነባበረ ጠፍጣፋ ስፕሪንግ) የተሠራው። አገራችን ውስጥ ገጠር ለገጠር ሲመላለስ ያረጀው እሱ ነው። 60 እና 80 የሚባሉት ሞዴሎችም ከፊት በኩል በአሠራር የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ናክሉ ማፍሰስ ሲጀምር ግሪስ እየጨመሩ መንዳት ነው። የውጪዎቹ የሱፍና የላስቲክ ቀለበቶች የተሠሩት አቧራ ለመከልከልና ወፍራም ግሪስ ለመያዝ እንጂ ዘይት ለማቆም አይደለም። ዘይት የሚያቆመው በአክስሉ ቱቦ ጫፍ፣ ከኳሱ ውስጥ የተቀመጠው ኦይልሲል፣ ዘንጉን በላስቲክ ከንፈሩ የሚያቅፈው ቀለበት፣ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ግሪሱን አቅጥኖ ይዞት ይወጣል፣ ጎማውን ያበላሻል፣ ሲብስም የፍሬኑን ሸራ ያርሳል። ጆይንቱ (ጎማው ሲታጠፍ ኃይሉን የሚያሳልፈው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) እና የኪንግፒን ኩሽኔታዎቹ (ናክሉ ከላይና ከታች የሚዞርባቸው) ደግሞ ያለ ግሪስ ይቀራሉ። የውጪውን ቀለበት ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው።

ኦይልሲሉ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው በአክስል ዘንጉ ላይ የኦይልሲሉ ከንፈር የሚነካበት መንገድ ቦይ ሲያወጣ ነው፤ በጥፍር ሲነካ የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ኦይልሲል ብቻውን አይረዳም። ሁለተኛው የኪንግፒን ኩሽኔታው ተበልቶ ናክሉ ከመሃሉ ሲወርድ ነው፤ ያኔ ዘንጉ ከንፈሩን በአንድ በኩል ይጫነዋል። ሦስተኛው ማንም የማያየው ነው፦ የአክስሉ መተንፈሻ በጭቃ መደፈን። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ በኦይልሲሉ በኩል ይገፋል። የሞቀው አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየሩ በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መተንፈሻውን በናፍጣ አጥቦ በአፍ መንፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሥራው ሁሉ ከዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

አፈታቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ድጋፉ ከባሌስትራው አጠገብ ከአክስሉ ቱቦ ሥር ይገባል፤ በክሪክ ብቻ አይሠራም። ካሊፐሩ (የፍሬኑን ሸራ የሚይዘው) በሽቦ ይንጠለጠላል፣ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ አይተውም። የፍሪ ዊሉ (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈውና የሚለቀው) ክዳን ይነሳል፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለበቱ ይወጣል፤ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች እንቢ ካሉ ዳዶው ጫፍ ላይ ቀርቶ የፍሪ ዊሉ አካል ዙሪያውን በነሐስ ይመታል እንጂ በካቻቢቴ አይፈለቀቅም። የጎማውን ኩሽኔታ ዳዶዎች ለመፍታት የ54 ሚሊ ቡሶላ ያስፈልጋል። በመሮና በመዶሻ የተፈታ ዳዶ ፊቱን አይቶ ይታወቃል፤ እንደዚያ የታሰረ ኩሽኔታ በስንት ኃይል እንደተጠበቀ ማንም ሊናገር አይችልም። ዘንጉን ከጆይንቱ ጋር ስስብ የጆይንቱ ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ እንዲዞር አደርጋለሁ፤ ካልሆነ ጆይንቱ በኳሱ አፍ ላይ ይያዛል።

የመሪው ክንድና በተቃራኒው ያለው ክዳን ሲነሱ ከሥራቸው ሺም የሚባሉ፣ ክፍተት የሚያስተካክሉ ስስ ብረቶች አሉ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው፣ ግራውን ከቀኙ ሳላቀላቅል በየራሳቸው ሽቦ አስራቸዋለሁ። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሺም ተደባልቆ ከተመለሰ ናክሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል፣ አዲሱ ኦይልሲልም በጥቂት ወራት ያልቃል።

ከዚያ እጥበት። ናፍጣ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ እንደገና ናፍጣ። ግማሽ ቀን ቢወስድም አልቸኩልም፤ የታጠበ ክፍል ብቻ ነው የሚናገረው። የኪንግፒን ኩሽኔታው የውጪ ቀለበት በብርሃን ሲታይ የሮለሮቹ ጥርስ እንደ ሰዓት ምልክት ተሰልፎ ከታየ አልቋል። ናክሉ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ስለሚቆም የሚወጋው እዚያው ነው። መሪው መሃል ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው፣ መኪናውም በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኩሽኔታ ከውጪ ቀለበቱ ጋር በሙሉ ይቀየራል፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ አይቀመጥም። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሱማሌ ተራ የሚገዛ ሰው የካርቶኑን ጽሑፍ ትቶ ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያይ።

ጆይንቱ መሪው ሙሉ ታጥፎ፣ ፍሪ ዊሉም ተቆልፎ በፊት ጎማዎቹ ጭምር ሲነዳ ጠቅ ጠቅ ይል ከነበረ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ተበልቷል። ጉዳቱ ገና ቀላል ከሆነ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ መለዋወጥ ዕድሜ ይጨምራል፤ ወደፊት ሲነዳ የሚጫነው ያልተበላው ፊት ይሆናልና። የተሰነጠቀ ካለ ግን ይጣላል።

የኪንግፒኑ ጥብቀት በእጅ ስሜት አይለካም። ኩሽኔታዎቹ ግሪስ ተቀብተው በአሮጌዎቹ ሺሞች ይታሰራሉ፣ የክንዱ ዳዶዎች በ96 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፣ የሱፍና የላስቲክ ቀለበቶቹ ግን ገና አይታሰሩም። የመሪው ዘንግ ጫፍ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን ይሰካል፤ ቡና የሚመዘንበት ዓይነት ይበቃል። ናክሉ መዞር ከጀመረ በኋላ ሚዛኑ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሲያነብ ልክ ነው። ካነሰ ሺም ይቀነሳል፣ ከበዛ ይጨመራል። የሚቀነሰው 0.2 ሚሊ ከሆነ 0.1 ከላይ 0.1 ከታች ነው፤ ሁሉን ከአንድ ጎን ማንሳት ናክሉን ከመሃል ያወጣዋል። አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ ይፈታል። እኔ ይህን ደረጃ የሚዘል መካኒክ ቢገጥመኝ አክስሉን አላሠራውም።

ኳሱ ዝገት ካለው በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የውጪ ቀለበቶቹ ናክሉ ከመመለሱ በፊት በወጡበት ቅደም ተከተል ኳሱ ላይ ያልፋሉ፤ ረስቶ ናክሉን ያሰረ ሰው ሁሉንም ዳግም ይፈታል። የውስጡ ኦይልሲል እኩል ተመትቶ ይገባል፣ ከንፈሩ ግሪስ ይቀባል፤ ዘንጉ ሲገባም ከፍ ተደርጎ ይያዛል፣ ጥርሱ ከንፈሩን እንዳይልጥ።

ለጆይንቱ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ነው፤ ኳሶቹ መካከል በጣት እየተገፋ ይገባል፣ ናክሉም እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል። ለሁለቱም ጎን አንድ ኪሎ ይዞ መጀመር ይሻላል። የጎማው ኩሽኔታ የራሱን የሊትየም ግሪስ ይወስዳል። ዳዶው በ59 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፣ የጎማው ማቀፊያ በሁለቱም አቅጣጫ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ይለቀቅና በትንሹ ተመልሶ ይጠበቃል። እዚህም ሚዛኑ በጎማ ብሎኑ ላይ ሲሳብ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ያነባል። ሁለተኛው ዳዶ በ64 ኒውተን ሜትር ከታሰረ በኋላ እንደገና ይለካል፣ ምክንያቱም ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ይገፋዋል። ቆላፊው ሮንዴላ አዲስ ነው፤ አንዱ ምላስ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጪ ይታጠፋል።

ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ የመሪው ክንድ ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ ይነካሉ። ላልተው የቀሩ ብሎኖች ቀዳዳቸውን እየበሉ ይቆረጣሉ፣ ሲቆረጡም መሪው ጎማውን አይይዘውም፤ ባለ ብዙ ተሳፋሪ መኪና ቁልቁለት ላይ እያለ ይህ እንዳይደርስ ነው የምጨቀጭቀው። በዚያው ጊዜ ጣቴን ደግሜ ናክሉ ጀርባ አሳልፋለሁ። ቀጭን ጥቁር ቅባት ኳሱ ላይ ካለ የሱፉ ቀለበት ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሚንጠባጠብ ካለ የውስጡ ኦይልሲል ተቀዷልና ያ ጎን ይፈታል።