ከ8 ወደ 15 ላወጣው አምላክ ክብር ይሁን

የእግዚአብሔር ስም ይመስገን። ለዚህ ወጣት ብዙዎች የጸለዩት «ተነሥ ተብሎ ይነሣ» ብለው ነበር። መልሱ ግን ሐኪም ቤት በየሰዓቱ በሚጻፍ የንቃት መለኪያ ቁጥር፣ አንድ አንድ እያለ መጣ። ምስክርነቱም የዚያ ቁጥር ነው።

ከደረጃ ወድቆ ከቀኝ ጆሮው በላይ ተመታ። ትንሽ ራሱን ሳተ፣ ነቃ፣ ውሃ ጠጣ፣ «ደህና ነኝ» አለ። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በዚያ በኩል የራስ ቅሉ ስስ ነው፤ ከሥሩም ደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደም ቅዳው ይቀደድና ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ሸሸት ብሎ ለጊዜው ቦታ ይለቃል፤ የተመታው ሰው ደህና መስሎ የሚያወራው በዚያች ፋታ ነው። የራስ ቅል ስለማይለጠጥ ቦታው ሲያልቅ ግፊቱ በአንዴ ያሻቅባል።

እናቱን «ተዪው፣ ይተኛ» ቢሏትም ልቧ እምቢ አላት። ሌሊት ለጸሎት በተነሣች ቁጥር ቀሰቀሰችው። በሁለተኛው አስመለሰው። በሦስተኛው ስሟ ጠፋው፤ የቀኝ ዓይኑ ብሌንም ከግራው ሰፍቶ ነበር። ያን እምቢ ያለ ልብ የሰጣት እግዚአብሔር ነው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ፈሳሽ፦ አንዱ ብቻ ከታየ «እስኪነጋ» አይባልም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰሱን ሊያብሱ ስለሚችሉ አይሰጡም።

ሐኪም ቤት ሲደርስ 8 ተጻፈለት። የንቃት መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የግላስጎው ሐኪሞች ቲስዴልና ጄኔት ናቸው፤ ዓይን እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጠዋል። ዝቅተኛው 3፣ ሙሉው 15 ነው። እሱ ሲያሳምሙት ብቻ ዓይኑን ይገልጣል (2)፣ ያቃስታል (2)፣ እጁን ያሸሻል (4)። ከ8 ጀምሮ ወደ ታች ከባድ ጉዳት ነው፤ ሰውየው አየር መንገዱን መጠበቅ ስለሚያቅተው የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ሲቲ ስካን ተነሣ፣ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ደሙ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ አንገት ቀጥ ማለት አለበት፣ ከተጣመመ ከጭንቅላት የሚወርደው ደም ይታገድና ግፊቱ ይጨምራል። ትራስ ላስተካክል የሚል ጠያቂ ብዙ ነው፣ ይከልከል! እጅ ጭኖ መጸለይ ለሚፈልግም እግሩ ይበቃል፤ ድምፅም ዝግ ይበል። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል።

ቱቦው ከወጣ በኋላ እናቱ «እጄን ጨብጥ» አለችው፤ ጨበጠ። ሁሉም እልል ሊል ሲል ነርሷ «ልቀቅ በይው» አለቻት። መዳፉ የተነካ ሕመምተኛ ሳያውቀውም ይጨብጣል፤ ትእዛዝ መስማቱ የሚታወቀው ሲለቅ ነው። ለቀቀ። በእንቅስቃሴው ረድፍ 6 ተጻፈ።

የመጀመሪያው ምግብ መዋጥ መቻሉ ከተፈተነ በኋላ ነው፦ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላ ሳይጨመር። ካሳለው ወይም ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ ይቆማል፤ ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መሳደብና መማታት ጀመረ። «መንፈስ ነው» ያሉ ነበሩ። አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ሲነቃ ግራ ይጋባል። መብራት ቀንሶ፣ አንድ ሰው ብቻ አስቀርቶ፣ በአጭሩ ማናገር ይሻላል፤ ክርክር ያብስበታል። የሚጥል በሽታ መከላከያ መድኃኒቱም ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም።

15 ሲሞላም ማስታወስ ገና ነበር። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ የሚጽፍበት ደብተር ተሰጠው። ባለፈው እሑድ ጉባኤ ፊት የቆመው በራሱ እግር ነው። የሚያመሰግንበትን አንድ በአንድ ከደብተሩ እያነበበ፣ መሐል ላይ ሲጠፋበት በጣቱ መስመሩን እየፈለገ፣ ጨረሰው።