የዴይኬር ባክግራውንድ ቼክ የት ላይ ነው የሚዘገየው?

አሜሪካ ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ለመቀጠር ወይም ቤታችሁ ውስጥ ለመክፈት ያሰባችሁ ሁሉ፣ «ወንጀል የለብኝም፣ ምን አሳሰበኝ» ብላችሁ የባክግራውንድ ቼኩን (የኋላ ታሪክ ምርመራውን) ቅጽ በጥድፊያ አትሙሉት። ንጹሕ ሰውን ወረፋ የሚያስጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ስምና አድራሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው አንድ ምርመራ ብቻ አይደለም። የኤፍቢአይ የጣት አሻራ፣ የስቴቱ የወንጀል መዝገብ፣ የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ፣ ከዚያም በሕፃናት ላይ በደል ወይም ቸልተኝነት የፈጸሙ የሚመዘገቡበት መዝገብ ይታያሉ። ባለፉት 5 ዓመታት የኖራችሁባቸው ስቴቶችም ይጠየቃሉ። በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል የሚመዘገብበትን መዝገብ ማንም እንዳይንቀው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማጣራት ብቻ የተመዘገበ ሰው፣ ተይዞ አሻራ ስላልሰጠ በኤፍቢአይ በኩል አይገኝም።

ይህ መዝገብ በአብዛኛው የሚፈለገው በስምና በትውልድ ቀን ነው። የእኛ ስም ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም ይሆናል። «ፀሐይ» አንዱ ሰነድ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ «ሌላ የተጠቀሙበት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ሰነዶቻችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ በሙሉ አስገቡ። አድራሻም እንደዚሁ ነው። ዘመድ ቤት ያረፋችሁባቸውን ወራት ሳይቀር፣ ከወር እስከ ወር ክፍተት ሳትተዉ ጻፉ። ሌላ ስቴት ከኖራችሁ የዚያን ስቴት ቅጽ ቶሎ ጀምሩት፤ በኖተሪ የተረጋገጠ ፊርማ የሚጠይቁ አሉና።

ቤታችሁ ውስጥ የምትከፍቱ ከሆነ 18 ዓመት የሞላው የቤቱ ነዋሪ ሁሉ ይመረመራል። ባልም፣ ኮሌጅ የገባው ልጅም። ቤዝመንት የተከራየ ሰው ካለ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ለፈቃድ ሰጪው ንገሩ።

አሻራ ስትሄዱ ቀጣሪው የሰጣችሁን የመሥሪያ ቤት ኮድ ይዛችሁ ሂዱ። ኮዱ ከተሳሳተ ውጤቱ ሌላ ቦታ ይሄድና ዳግም መክፈል ይመጣል። ጽዳት ወይም ሳህን አጠባ የሠራ ሰው የጣቱ መስመር ይሟሽሻል። ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት ጣቱን ቅባት ይቀባ፣ በዕለቱ ግን ይተወው። ኤፍቢአይ አሻራውን በጥራት ጉድለት ሁለቴ ከመለሰው በስም እንዲጣራ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህም ከሁለተኛው መልስ በ90 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት።

ስቴቱ ውጤቱን በ45 ቀናት ውስጥ ማውጣት አለበት። የኤፍቢአይ ወይም የስቴቱ የአሻራ ውጤት ከደረሰ ሌላው ሳያልቅ ሥራ መጀመር በፌዴራል ሕጉ ይፈቀዳል፤ ምርመራውን የጨረሰ ሰው ግን ሁልጊዜ አብሮ መኖር አለበት። ልጆቹን ለደቂቃም ቢሆን ብቻችሁን አትያዙ። ቀጣሪ «ሰው ጎደለኝ» ቢልም እሺ የሚባል ነገር አይደለም።

ድሮ ተይዞ ክሱ የተዘጋለት ሰው የፍርድ ቤቱን የመዝጊያ ወረቀት በማኅተም ያውጣ፤ መዝገቡ ላይ መያዙ ታይቶ ውሳኔው የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነውና። ለቀጣሪው የሚደርሰው «ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ብቻ ነው። ምክንያቱ የሚገለጸው ለአመልካቹ ነው፤ መዝገቡ ስህተት ነው ካለም ይግባኝ ማለት ይችላል።