ከአጥቂነት ወደ አሰልጣኝነት፦ በድሬዳዋ ሜዳዎች የተማርኩት

ጎል ማግባት የሚችል ሰው ጎል ማግባትን ማስተማር አያቅተውም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ለዓመታት በድሬዳዋ በአጥቂነት ተጫውቼ የታዳጊዎች ቡድን ሲሰጠኝ የተረዳሁት ግን ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ነው። ተጫዋች ሳለሁ እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ አሰልጣኝ ስሆን ግን እግሬ የሚያውቀውን ነገር በቃል መግለጥ፣ ከፋፍሎ ማሳየትና ለሌላው ሰውነት እንዲስማማ አድርጎ መስጠት ግዴታዬ ሆነ።

ዝግጅቱን የጀመርኩት ገና ማልያ ሳላወልቅ ነው። በመጨረሻዎቹ የውድድር ዘመኖቼ በተጠባባቂ ወንበር የምቀመጥበት ጊዜ እየበዛ ሲሄድ፣ ከአሰልጣኙ አጠገብ ሆኜ ኳስ የሌለበትን የሜዳ ክፍል ማየት ለመድኩ፤ ያየሁትንም ማታ በደብተር እጽፍ ነበር። መሠረታዊውን የአሰልጣኝነት ኮርስ ስወስድ ያ ደብተር ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በእኛው ሜዳ ላይ ያየሁት ምሳሌ ነበረው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ትምህርት የአጥቂ ሩጫ ነው። ታዳጊ አጥቂዎች ልምምድ ማለት ወደ ጎል መምታት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ኳስ አሠራቸዋለሁ። ተከላካይ ኳሱንም አጥቂውንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ አጥቂው ከተከላካዩ ጀርባ፣ ከዓይኑ ውጭ ይቆማል፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ሩቁ የጎል ቋሚ ይሳባል፤ ተከላካዩ ተከትሎት ሲዞር ፍጥነቱን ለውጦ ወደ ቅርቡ ቋሚ ይቆርጣል። ሩጫው የሚጀመረው የመስመር ተጫዋቹ ኳሱን አመቻችቶ ቀና ባለባት ቅጽበት ነው። ከዚያ ቀድሞ የሮጠ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል ወይም ቆሞ ይጠብቃል፤ የዘገየ ደግሞ ኳሱ ያልፈዋል። ይህን ያለ ተከላካይ ደጋግመን ከሠራን በኋላ አንድ ተከላካይ፣ ቀጥሎም ግብ ጠባቂና ሁለተኛ ተከላካይ እጨምራለሁ። «አቦ ጋሼ፣ መቼ ነው የምንመታው?» የሚለው ጥያቄ በየልምምዱ ይነሣል፤ መልሴም ሩጫው ሲስተካከል የሚል ነው።

ይህን በዚህ ዝርዝር ማስተማር የቻልኩት ሲይዙኝ ከኖሩ ተከላካዮች ጋር ቁጭ ብዬ ስለተነጋገርኩ ነው። ከተማችን ለዚህ የተመቸች ናት፤ ትናንት ተቃራኒ የነበረ ሰው ዛሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ታገኘዋለህ። አብዛኞቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነበር፦ አጠገባቸው ተጠግቶ ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ፣ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ለእነርሱ እረፍት ነው፤ የሚያደክማቸው መጥቶ የሚሄድና እንደገና የሚመጣ አጥቂ ነው። ከግብ ጠባቂዎችም ቁርጥ ያለ ምክር አገኘሁ። ጎሉ 7.32 ሜትር ስፋት ቢኖረውም ግብ ጠባቂው ወደፊት ሲወጣ ለመቺው የሚታየው ክፍት ቦታ ይጠባል፤ ስለዚህ እሱ ቆሞ ሳይዘጋጅ፣ ገና በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ የተመታ መካከለኛ ምት፣ ተዘጋጅቶ ከቆመ በኋላ ከሚመታ ኃይለኛ ምት ይበልጣል።

የድሬዳዋ ሙቀት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ባለች ቆላማ ከተማ አጥቂን 90 ደቂቃ ሙሉ ተከላካዮችን አሳድድ ማለት ከዕረፍት በኋላ ያለ አጥቂ መቅረት ነው። ስለዚህ የማሳደጃ ጊዜያትን መርጠን እንለማመዳለን፦ ኳስ ወደ ግብ ጠባቂ ሲመለስ፣ ተከላካዩ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል ሲያዞር፣ የመጀመሪያ ንክኪው ሲበላሽበት። ልምምዳችን በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ስለሚጾሙ ከባዱን ሥራ ከአፍጥር በኋላ አድርገን ቀኑን ለታክቲክ ውይይት እንተወዋለን።

ልጆቹ የሚጫወቱባት ከተማ ታሪክ እንዳላት እንዲያውቁም እፈልጋለሁ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የኢትዮጵያ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚችው ከተማ ክለብ የጥጥ ማኅበር ተጫዋች ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድባቸውን ጨዋታ እዚሁ አድርገዋል። ለአጥቂዎቼ አዘውትሬ የማነሣው ግን መንግሥቱ ወርቁን ነው። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎሎች ያገባ፣ በ1954ቱ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት አራተኛዋን ጎል ያስቆጠረ፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት የመራ ሰው በመኖሩ፣ ይህ መንገድ በአገራችን ተሞክሮ የተሳካ መሆኑን ያያሉ።

አሰልጣኝነት ከሚያስከፍለው ሁሉ የሚከብደኝ ጎል የራቀውን አጥቂ አስመልክቶ የምሰጠው ውሳኔ ነው። ያ ጊዜ ምን እንደሚመስል በራሴ ሰውነት አውቀዋለሁ፤ ልጁ በመልበሻ ክፍል ውስጥ ዓይኑን ከሰው ሲያሸሽ ወዲያው ይገባኛል። ሆኖም ውሳኔዬን በርኅራኄ ብቻ አልወስንም። ረዳቴ በየጨዋታው አጥቂው በቅጣት ክልል ውስጥ ስንት ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት እንደደረሰ ይመዘግባል። መድረሱ ካልቀነሰ፣ ደጋፊው ቢጮኽም ልጁ ይሰለፋል፤ መድረሱ ከቀነሰ ግን ለብቻው ጠርቼ መዝገቡን አሳየዋለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሩጫውን ያለ ኳስ ከመጀመሪያው እንሠራለን።