በሜትር፣ በቱቦና በወረቀት የመጣልን መልስ

ስለታችን አጭር ነበር፦ «ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ መንገዱን ካሳየሽን እኛም ለሚመጣው ሰው እናሳያለን።» በባሕር ዳር በየወሩ በ16 ጽዋ የምንጠጣ ወላጆች ነን። ከዘጌ በጀልባ፣ ከሐሙሲት በሚኒባስ የሚመጡ አሉን። የልጆቻችን ሕመም አንዱ ስፓይና ቢፊዳ ነው፤ ልጁ ገና በማሕፀን ሳለ የሕብለ ሰረሰሩ መሸፈኛ ሳይገጥም ይቀራል። ሌላው ሃይድሮሴፋለስ ነው፤ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ።

የለመንነው ልጆቹ ተነሥተው እንዲሮጡ ነበር። የተሰጠን ሐኪም፣ ቱቦ፣ የመድን ደብተርና በሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ አሉ፤ የጸሎታችን መልስ ይህ ነው ብለን እንመሰክራለን። የየቤታችንን ለቅሶ ግን አንጽፍም። የተሳልነው መንገዱን ለማሳየት ነውና እሱኑ እንጽፋለን።

ልጅ ጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይዞ ሲወለድ የመጀመሪያው ሥራ መሸፈን ነው። ንጹሕ የሕክምና ጎዝ በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይርሳል፤ ሳይጫን ይደረግበታል፤ እንዳይደርቅ ከላዩ ንጹሕ ፕላስቲክ ይደረባል። ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ እንጂ በጀርባው አይተኛም። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ቫዝሊን አይነካውም። ክፍት ጀርባ በ48 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ቢዘጋ ነው የሚመረጠው፤ በዘገየ ቁጥር ጀርም በክፍተቱ ገብቶ ማጅራት ገትር ያመጣል። ብዙ ልጅ የሚጎዳው «አራስ ከቤት አትወጣም፣ አርባው ይሙላ» በሚለው ነው። እናቲቱ መንቀሳቀስ ካልቻለች አያት ወይም አባት ይዞ ይሂድ። ለጥምቀቱም ቢሆን፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ከአርባና ከሰማንያው ቀን በፊት ማጥመቅ ስላለ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው።

ወረቀቱ ከቁስሉ እኩል ያስጨንቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከመካከላቸው ነበሩ፤ በጣና ዙሪያ ላለ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ከኪሱ የሚከፍል ሞልቷል። ዋናው ምክንያት ሕፃኑ ደብተሩ ላይ አለመስፈሩ ነው፤ አባትና እናት መዋጮውን ከፍለዋል፣ የአዲሱ ልጅ ስም ግን የለም። ስለዚህ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ፣ በዚያው ሳምንት ለመድን ባለሙያው ማስታወቅ። ሌላው ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሪፈር ሳይያዝ ፈለገ ሕይወት ወይም በአዴት መንገድ ወዳለው ጥበበ ግዮን ለቀጠሮ የሄደ ሰው ካርድ ክፍል ላይ መድኑ አይሠራልህም ይባላል። ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት ፍለጋ መዞር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፣ ወረቀቱ በኋላ ይሟላል። ዕድሳቱ ደግሞ በየዓመቱ ወቅት አለው፤ ካለፈ አለፈ። መዋጮውን መክፈል የማይችል ቤተሰብ መንግሥት እንዲከፍልለት በቀበሌ ዝርዝር ይገባል። ይህን ልጁ የታመመ ቀን ሳይሆን ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ዝርዝሩ አንዴ ከተዘጋ ደጅ መጥናት ብቻ ይሆናል።

ሪፈሩ ሲጻፍ ቆሞ ማንበብ ነውር አይደለም። የልጁ ስም ከደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ ማኅተሙ ይታይ። አንድ ጤና ጣቢያ የጻፈው ወረቀት ማኅተሙ ስለደበዘዘ ብቻ ከካርድ ክፍል ተመልሶ ያውቃል፤ የዚያን ቀን የባጃጁ ገንዘብም የሐኪሙ ወረፋም አብሮ ሄደ። ወረቀት የሚቀደደው በእጥፋቱ ላይ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ሁልጊዜ እጥፋቱ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሳይታጠፍ በጠንካራ ፌስታል ይያዝ፣ ሁለት ኮፒ ይኑረው። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» አስብሎ ማኅተም ማስመታት፣ ከዚያ መድኑ ውል ያለው የትኛው ፋርማሲ እንደሆነ መጠየቅ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል። ወደ አዲስ አበባ የሚያስልክ ከሆነም መድኑ እዚያ ካለው ሆስፒታል ጋር ውል አለው ወይ ብሎ ከመነሣት በፊት ማጣራት ይገባል። ምንም አቅም ለሌለው ሰው በሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚባል ቢሮ አለ፤ እዚያ ገብቶ መናገር ነው። ያልጠየቀን ሰው ማንም መጥቶ አይጠይቀውም።

ጀርባው ከተዘጋ በኋላ ዓይን ወደ ጭንቅላት ይዞራል፤ ውሃው መጠራቀም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነውና። መጠበቂያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የማይለጠጥ አዲስ ይሁን፤ ያረጀ የጨርቅ ሜትር ይረዝምና ቁጥሩን አሳንሶ ያሳያል። ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ በጣም በወጣው የራስ ቅል በኩል ዞሮ ይገጥማል። ሦስት ጊዜ ይለካል፣ ትልቁ ይጻፋል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ እኛ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንለካለን። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር 2 ሳንቲም ገደማ፣ ከ3 እስከ 6 ወር በወር 1 ሳንቲም፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ግማሽ ሳንቲም ያህል ያድጋል። በሳምንት ከአንድ ሳንቲም በላይ ከዘለለ ቀጠሮ አይጠበቅም። እርግብግቢቱ ሕፃኑ ሳያለቅስ ቁጭ ባለበት ተወጥሮ መገኘቱ፣ የዓይኑ ጥቁር ወደ ታች ወርዶ ነጩ ከላይ መታየቱም ያው ነው።

ሐኪሙ የሚያስገባው ቱቦ ሻንት ይባላል። ከጭንቅላት ተነሥቶ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት ወርዶ ሆድ ውስጥ ይጨርሳል፤ መሐል ላይ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ትንሽ ማስተላለፊያ አለው፣ ከጆሮ ኋላ በእጅ ይዳሰሳል። ሻንት ሊዘጋ፣ ሊበጠስ፣ ሊቆሽሽ ይችላል፤ በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነው። ትውከት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ አዲስ የዓይን መንሸዋረር፣ በቱቦው መንገድ ላይ የቆዳ መቅላት፣ ትኩሳት፤ እነዚህ ሲታዩ እስኪነጋ አይታደርም።

እዚህ ላይ የኛ አገር ወጥመድ አለ። በጣና ዳር ትኩሳትና ትውከት ሲባል ሁሉም ሰው አፍ ላይ የሚመጣው ወባ ነው። የወባው ምርመራ ይደረግ፣ እሰየው። ግን ወባ ቢገኝበትም ሻንቱ ሳይታይ ልጁ ወደ ቤት አይመለስ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ሊመጡ ይችላሉ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የመጀመሪያው ቃል «ሻንት አለው» ይሁን፤ «ትኩሳት አለው» ሁለተኛ ይምጣ። የድሮው የሲቲ ስካን ፊልም አብሮ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ውሃው ጨመረ ወይስ አልጨመረም ብሎ የሚፈርደው ከድሮው ጋር አስተያይቶ ነው። ፊልሙን ቤት ጥሎ መሄድ ፍርዱን ያዘገያል።

ብዙ ሰው ጀርባውንና ጭንቅላቱን ይጠብቅና ኩላሊቱን ይረሳል። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ ሽንቱ ሁልጊዜ ይንጠባጠባል፤ ቤተሰብም ፊኛው ባዶ ነው ብሎ ይረጋጋል። የሚንጠባጠበው ግን ከሞላ እንስራ የሚፈሰው ነው። ፊኛው ሞልቶ ሲወጠር ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና ልጁን ሳያመው፣ ሳያስለቅሰው ኩላሊቱን ይጎዳል። መድኃኒቱ ሽንቱን በየሦስትና አራት ሰዓቱ በካቴተር፣ ማለት በቀጭን የሽንት ማውጫ ቱቦ፣ ማስወጣት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ 3፣ 6፣ 9፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከዚያ ሲተኛ። ለሕፃን ቁጥር 6 ወይም 8፣ ከፍ ላለ ልጅ 8 ወይም 10 ይበቃል፤ ቁጥሩን ለሦስት ሲያካፍሉት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይወጣል። የሚፈለገው ኔላቶን የሚባለው ቀጥ ያለው ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለውን ፎሊ የሚሰጥ ፋርማሲ አለ፤ ያ ውስጥ ለሚቀር እንጂ ለዚህ አይሆንም።

መጀመሪያ ነርስ ፊት መለማመድ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጓንት ግዴታ አይደለም። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረጋለች፤ የሽንቱ ቀዳዳ ከብልት በር በላይ ያለው ትንሿ ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ በመብራት መፈለግ ይሻላል። ቱቦው ከውሃ የተሠራ የሕክምና ጄል ይቀባል፤ ቅቤና ቫዝሊን አይሆንም። ቀስ ብሎ ይገባል። ሽንቱ መምጣት ሲጀምር 1 ወይም 2 ሳንቲም ይጨመራል፤ ሽንቱ እንደታየ ያቆመ ሰው ግማሹን ፊኛ ውስጥ ትቶ ነው የሚያወጣው። ፍሰቱ ሲቆም ቱቦው ጥቂት በጥቂት ይጎተታል፤ መሐል ላይ እንደገና ከፈሰሰ እዚያው ይቆማል፣ እስኪያልቅ። ለወንድ ልጅ ብልቱን ቀና አድርጎ መያዝ ነው፤ መሐል ላይ ቢይዝም አይገፋም፣ ልጁ ትንፋሹን እስኪለቅ ይጠበቃል። ፋብሪካው ቱቦውን የሚሠራው አንዴ ለመጠቀም ነው፤ የማይቻልበት ቤት በሆስፒታሉ ምክር በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ከውስጥም ከውጭም አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር አድርቆ ይጠቀማል። ቱቦው ከጠነከረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከደበዘዘ ይጣላል። እርጥቡን በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ጀርም ማራባት ነው።

ሽንቱ ደፍረስ ስላለ ብቻ አንቲባዮቲክ መግዛትም ልማድ ሆኗል፤ አንወደውም። በካቴተር የሚሸና ልጅ ሽንቱ ውስጥ ጀርም ቢገኝ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ከወትሮው የበዛ መንጠባጠብ ሲጨመር ነው ሐኪም የሚያየው። የኩላሊት አልትራሳውንድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይታያል። ላቴክስ ለነዚህ ልጆች አለርጂ ስለሚያመጣ ጓንቱም ካቴተሩም፣ የልደት ፊኛውም ሳይቀር ከላቴክስ ነጻ ይሁን።

እግሩ ሙቀት አይሰማውም። የቡና ከሰል፣ የገላ ውሃ፣ ፀሐይ የመታው ብረት ያቃጥለዋል፣ እሱ ግን አያለቅስም። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት እግሩና መቀመጫው በመብራት ይታይ። ቆልማማ እግር አብሮ ካለ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይም ካበጡ የዚያኑ ቀን ይፈታ። ለድጋፍና ለተሽከርካሪ ወንበር ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ።

ስለ ጸበል እንጠየቃለን። እኛ ጸበል እናምናለን፣ እንሄዳለንም። ሰው መድኃኒት ትቶ ጸበል ሲገባ ግን ዝም አንልም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስለሚወስዱ ሰዎች ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ተናግረዋል፤ ለልጆቻችንም የያዝነው ይህንን ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በድንገት ካቋረጠ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል። የቀዶ ሕክምና ስፌት እስኪድን ጸበል እንዳይፈስበት ለካህኑ ቀድሞ መናገር ነው፤ የነገርናቸው አባቶች በእጃቸው መስቀል ዳስሰው፣ እግሩ ላይ ብቻ ረጭተው አሰናብተውናል። ጭንቅላትን በጋለ ብረት መተኮስ ግን የሚያስፈቅድ ነገር የለውም።

የመጨረሻው ቃል ለሚቀጥለው እርግዝና ነው። ይህ ክፍተት የሚፈጠረው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ እናቲቱ ብዙ ጊዜ እርጉዝ መሆኗን እንኳ አታውቅም። ለማንኛዋም ሴት ከመፀነሷ በፊት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይበቃል። አንዴ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን በሐኪም ትእዛዝ 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር ቀድማ ትጀምርና እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላ ትቀጥላለች። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን ክኒን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ ከ60 ሚሊ ግራም ብረት ጋር ነው። ያንን አሥር አሥር እየቆጠሩ መዋጥ ፎሊኩን ቢሞላም ብረቱ ይመርዛል። ለብቻው ባለ 5 ሚሊ ግራም የሆነውን ትጠይቅ፤ ማዘዣውም በዚያው ፌስታል ውስጥ፣ ከልጁ ሪፈር ጀርባ ይቀመጥ።